ያልታዩት አሥራ አንድ ቤቶች

ዳኛቸው ካሜራ ያዥ ከመሆኑ በፊት አራት ዓመት አካፋ ጨብጧል። ሥራው በአትላንታ ዙሪያ ባሉ መኖሪያ ሰፈሮች እየተዘዋወሩ፣ ከአርባና ከሃምሳ ዓመት በፊት የተቀበረውን የብረት ጋዝ ቧንቧ በቢጫ ፕላስቲክ መተካት ነበር። አሮጌውን ብረት ዝገት በልቶታል፤ አንዳንዱ ቦታ ላይ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። ዳኛቸው ከሱዳን የስደተኞች ካምፕ ጆርጂያ ሲገባ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ ክንዱ ብርቱ፣ ወሬው ጥቂት። በአራተኛው ዓመት ግን ቀኝ ጉልበቱ አብጦ አልታጠፍ አለው። ፎርማኑ ዌስሊ አካፋውን ተቀብሎ ካሜራውን የሰጠው ያን ጊዜ ነው።

የካሜራው ነገር እንዲህ ነው። አዲሱን ቧንቧ ለመቅበር የሰው ግቢ ከዳር እስከ ዳር አይቆፈርም። መሰርሰሪያው ማሽን ከመንገዱ ዳር ገብቶ በሣሩ ሥር እንደ ፍልፈል እየሰረሰረ ይሄድና ቤቱ ጥግ ላይ ብቅ ይላል፤ ከዚያ ቢጫውን ቧንቧ እየጎተተ ይመለሳል። ፈጣን ነው፤ ሣሩንም አበባውንም አይነካም። ክፋቱ ማሽኑ ዓይን የለውም። በመንገዱ ላይ የቤቱን የፍሳሽ ቱቦ ካገኘ በስቶት ያልፋል፤ የጋዙ ቧንቧም ማንም ሳያውቅ በፍሳሹ ቱቦ መሀል ተጋድሞ ይቀራል። ሽንት ቤቱ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ደህና ይሠራል። አንድ ቀን ወረቀቱም ቆሻሻውም እዚያ ላይ ተጠራቅሞ ይደፈናል። ባለቤቱ ፕላምበር ይጠራል። ፕላምበሩ ጫፉ ላይ ምላጭ ያለው ተሽከርካሪ ሽቦ ወደ ውስጥ ይሰድዳል፤ ምላጩ ከቆሻሻው ጋር የጋዙን ቧንቧ ይቆርጠዋል። ከዚያ በኋላ ጋዙ በፍሳሹ ቱቦ አድርጎ በቀጥታ ወደ ቤት ነው።

ስለዚህ ከቁፋሮው በኋላ በእያንዳንዱ ቤት የፍሳሽ ቱቦ ውስጥ ካሜራ ይገባል። ቱቦው ጠርቶ ከታየ ታብሌቱ ላይ «ክሊር» የሚለው ይነካል። ካሜራው ማለፍ ካቃተው ደንቡ ግልጽ ነው፤ መሬቱ በእጅ ተቆፍሮ በዓይን መታየት አለበት። ዳኛቸው ይህንን ሥራ ወደደው። ሠራተኞቹ «ካሜራ ማን» እያሉ ሲጠሩት ደስ ይለው ነበር። ዩኒፎርሙ ቀኑን ሙሉ ንጹሕ ሆኖ ይውላል፤ ጉልበቱም ያርፋል።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2014 ጥቅምት ላይ ሮዝዌል ውስጥ ወደ አንድ ያረጀ ሰፈር ገቡ። ሰባተኛው ቤት ደጅ ላይ ተቀምጦ ከሚስቱ ከእየሩሳሌም ጋር በስልክ ሲያወራ፣ በሩ ተከፍቶ አንዲት ሽበት የወረሳቸው ሴት ወጡ።

«አማርኛ ሰማሁ ልበል? በል እንግዲህ፣ ሣሬን ቢጫና ብርቱካን ቀለም የቀባባው ማን እንደሆነ ንገረኝ!»

«ምልክት ነው እማማ፤ ከሥር ቧንቧ ስላለ ነው። ዝናብ ሲመጣ ይለቃል» አለ እየሳቀ።

ወይዘሮ የሺእመቤት ይባላሉ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሃያ ስድስት ዓመት በሆስፒታል ልብስ እጥበት ክፍል ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ልጃቸው ዳኘው ቴክሳስ ነው የሚኖረው፤ ቤቱን ለብቻቸው ነው የያዙት። ዳኛቸውን አገሩን ጠየቁት፣ የልጆቹን ቁጥር ጠየቁት፣ የስልክ ቁጥሩንም ተቀበሉት። «ቧንቧ የሚያውቅ የአገር ልጅ ማግኘት ቀላል ነው እንዴ!» አሉ።

እሳቸው ወደ ውስጥ ሲገቡ ካሜራውን ከሣሩ ላይ ብቅ ባለው የፍሳሽ ቱቦ አፍ ሰደደው። አሥራ ስምንት ጫማ ላይ ቆመ። በስክሪኑ ላይ የሚታየው እንዳልተበጠረ ፀጉር የተንጨፈረረ የዛፍ ሥር ነበር። ገፋው፣ መለሰው፣ እንደገና ገፋው። አልሄደም። አዲሱ የጋዝ ቧንቧ የሚያቋርጠው ከዚያ ትንሽ አለፍ ብሎ እንደሆነ ካርታው ያሳያል።

ዌስሊን ጠራው። «እዚህ መቆፈር አለበት» አለው።

ዌስሊ ስክሪኑን አየና የመንገዱን ጫፍ ተመለከተ። ሣር የሚመልሱት ሠራተኞች ትራካቸውን ደርድረው ይጠብቃሉ።

«ይሄንን መንገድ ዓርብ እንዘጋዋለን ብዬ ቃል ገብቻለሁ» አለ። «ክሊር አድርገው። ብርዱ ሲያልፍ ተመልሰን እናየዋለን።»

«ካሜራው እኮ አላለፈም፣ ዌስ።»

«ገባኝ። ከአንተ በፊት ካሜራ የያዘው ቴድ ማለፍ ያቃተውን ሁሉ እየጻፈ ሲያስቸግር ወደ አካፋው መለሱት። አንተ እዚያ እንድትመለስ አልፈልግም። ተመልሰን እናየዋለን አልኩህ።»

ዳኛቸው ጣቱን ስክሪኑ ላይ አንዣብቦ ትንሽ ቆየ። ከዚያ «ክሊር» የሚለውን ነካው። ቃሉ አረንጓዴ ሆነ።

ማታ ቤቱ ሲገባ የእማማ የሺእመቤትን ቤት ቁጥር ስልኩ ላይ ጻፈው። ብርዱ ሲያልፍ እንዳይረሳ ነው ብሎ ለራሱ ነገረው። የመጀመሪያው ከባድ ነበር፤ ሁለተኛው እንደዚያ አልከበደውም። ክረምቱ እስኪወጣ ካሜራው ሳያልፍ ክሊር ብሎ ስልኩ ላይ የጻፋቸው ቤቶች አሥራ አንድ ደረሱ።

ብርዱ አለፈ። ዛፉ ሁሉ አበባ ለበሰ። የሠራተኞቹ ቡድን ከሮዝዌል ተነሥቶ ወደ ደንዉዲ ዞረ። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ «መቼ ነው የምንመለሰው?» ብሎ ዌስሊን ጠየቀው።

«የት?» አለ ዌስሊ። እያሾፈ አልነበረም። ከልቡ ረስቶታል።

ዳኛቸው ሁለተኛ አልጠየቀም። እንቅልፉ ግን ተበላሸ። ቤት ውስጥ ማብሰያው ጋ ሲቆም አየሩን ያሸታታል፤ ቅዳሴ ላይ ቆሞ ዓይኑን ሲጨፍን ያ የተንጨፈረረ ሥር ይመጣበታል። እየሩሳሌም ጉልበቱ የሚያመው መስሏት ሐኪም ጋ ሂድ ትለው ነበር።

በሰኔ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ፒችትሪ ኮርነርስ ውስጥ መኪናውን እያሳጠበ ሳለ ስልኩ ጠራ።

«ዳኛቸው፣ የሺእመቤት ነኝ፣ የሮዝዌሏ» አሉ በደስታ ድምፅ። «ረስተኸኝ ይሆናል። የቤዝመንቱ ሽንት ቤት አልሄድ ብሎ ሳምንቴ። ልጄ ዳኘው ያገር ልጅ ፕላምበር አገኘልኝ፤ ሀብታሙ የሚባል የጴንጤ ልጅ፣ እንዴት ያለ ጨዋ መሰለህ! አሁን ሊጀምር ነው። ካርታውን የምታውቅ ከሆነ ቱቦው በየት በየት እንደሚሄድ ንገረው ልልህ ነው።»

ዳኛቸው ከተቀመጠበት ብድግ አለ።

«እማማ፣ እንዳይጀምር! ማሽኑን እንዳያስነሣ ንገሩት! እማማ!»

አይሰሙትም፤ ስልኩን ሶፋው ላይ አስቀምጠው ሀብታሙን ሊጠሩ ወደ ቤዝመንቱ፣ ወደ ምድር ቤቱ፣ ወርደዋል። ከሩቅ የቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማል። ጮኸ። ጠበቀ። መስመሩ ተቋረጠ። ደወለ፤ ይጠራል፣ አይነሣም። ደግሞ ደወለ።

መኪናውን ከነሳሙናው አስነሥቶ ወደ ሆልኮም ብሪጅ መንገድ ወጣ። ከዚያ እስከ እሳቸው ቤት ሃያ ደቂቃ ነው። ጣቱ ስልኩ ላይ የአደጋ ጊዜ ቁጥሩን፣ 9፣ 1፣ 1 ብሎ ጻፈ። ደውል የሚለውን ግን አልነካውም። ቢደውል ምን ብሎ ነው የሚናገረው? ጋዝ አልሸተተው፣ ቤቱ ውስጥ አልነበረ። «እንዴት ልታውቅ ቻልክ?» ይሉታል። የሚያውቀው ደግሞ ስላላየ ነው። ምናልባት ቧንቧው ፍሳሹን አልነካው ይሆናል። ምናልባት ሥሩ ብቻ ይሆናል። እኔው ደርሼ ባስቆመው ማንም ሳያውቅ ያልፋል አለ። ቻታሁቺ ወንዝ ላይ ካለው ድልድይ ሲደርስ መኪናው ሁሉ ቆሟል። መሪውን በመዳፉ እየመታ የጻፋቸውን ሦስት ቁጥሮች አየና አጠፋቸው።

ደጃቸው ሲደርስ መኪናውን ሣሩ ላይ አቁሞ ሮጠ። በሩን የከፈቱት እማማ የሺእመቤት ናቸው።

«ውይ መጣህ እንዴ! ምን የሚገማ ነገር ነው ደግሞ…»

የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ከውስጥ ፊቱ ላይ መጣ። ክንዳቸውን ይዞ እየጎተተ በሣሩ ላይ አሻገራቸው። አንዱ ጫማቸው ወለቀ። «ምን ሆነሃል ልጄ?» ይላሉ። መንገዱን አሻግሮ ጎረቤት አጥር ሥር አስቀመጣቸውና ተመለሰ። የቆጣሪውን ቁልፍ ሊዘጋ አልሞከረም፤ የተቆረጠው ከቆጣሪው በፊት ስለሆነ ምንም እንደማይጠቅም ያውቃል። በቤዝመንቱ የውጭ በር ራሱን አስገብቶ ጮኸ።

«ሀብታሙ! ጋዝ ነው! ሁሉንም ጥለህ ውጣ!»

አንድ ቀጭን ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ሰው ጓንቱን እያወለቀ ወደ በሩ መጣ። «እኔም ሸተተኝ፣ ፍሳሹ መስሎኝ እኮ ነው…» ደረጃው ላይ እግሩን አነሣ፤ ከዚያ ዞረ። «ማሽኑ እየዞረ ነው። ላጥፋው።»

«አትንካው! ተወው!»

ሀብታሙ ግን ሁለት እርምጃ ሄዶ እጁን ዘርግቷል። ለሥራው የሚጠነቀቅ ሰው ስለሆነ፣ የሰው ቤት ውስጥ ማሽን እየዞረ ጥሎ መውጣት አልሆነለትም። ማጥፊያውን ተጫነው፤ የማጥፊያው ብልጭታ በቃ።

ዳኛቸው በኋላ ድምፁን አላስታወሰም። ያስታወሰው ብርሃኑን ነው፤ ቤዝመንቱ በአንድ ጊዜ ሰማያዊ ሆነ። ከዚያ ራሱን ሣሩ ላይ በጀርባው ተንጋሎ አገኘው። የቤቱ መስኮቶች የሉም። ሀብታሙ በሩ ሥር በጉልበቱ ተንበርክኮ እጆቹን ከፊቱ ዘርግቶ ያያቸዋል። ዳኛቸው በብብቱ ይዞ እየጎተተ አወጣው። ያን ጊዜ ደወለ።

«ሽታው የታወቀዎት መቼ ነው?» አለች በስልኩ የምታነጋግረው ሴት።

«አሁን» አላት። «አሁን ገና ነው።»

ማግስቱን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሆስፒታል ሄደ። ሀብታሙ ተኝቷል፤ ሁለት እጁና ግማሽ ፊቱ በነጭ ተጠቅልሏል። ኮሪደሩ ላይ ከሀብታሙ ቤተ ክርስቲያን የመጡ ሰዎች ሞልተዋል፤ ነርስ አለ፣ የታክሲ ሹፌር አለ፣ የሥራ ልብሱን ያላወለቀ አለ። የሀብታሙ ባለቤት አያንቱ ማን እንደሆነ ስትሰማ እየሮጠች መጥታ አቀፈችው።

«አንተ ነህ ከእሳት ያወጣኸው? እግዚአብሔር ነው የላከህ። አንተ ባትደርስ ዛሬ ባሌን እየቀበርኩ ነበር።»

ሽማግሌያቸው ጋሽ ኤልቃና ሁሉንም በክብ አቁመው፣ አንድ እጃቸውን ትከሻው ላይ አድርገው ጸለዩለት። «ስለዚህ ስለ ታማኝ ሰው እናመሰግንሃለን» አሉ። ሁሉም አሜን አለ። ዳኛቸው አንገቱን ደፍቶ ጫማውን አየ። ትከሻው ላይ ያለው እጅ ቀላል፣ የሽማግሌ እጅ ነበር፤ እሱ ግን መሸከም አቃተው። ጸሎቱ እንዳለቀ ሰላምታ ሳይሰጥ በደረጃው ወረደ።

ፓርኪንግ ውስጥ ዌስሊ ደወለለት።

«ሰኞ የስቴቱ መርማሪ ታነጋግርሃለች» አለ። ድምፁ ደክሟል። «የዚያን ቤት ቪዲዮ ሰርቨሩ ላይ አላገኘነውም። አንተ ስታየው ክሊር ነበር። ሥሩ ከዚያ በኋላ ያደገ ነው። ሌላ ምንም መጨመር የለብህም። ሁለታችንም ልጆች አሉን፣ ዳኒ።»

ቤቱ ገብቶ ለእየሩሳሌም ሁሉንም ነገራት፤ ሥሩን፣ አረንጓዴውን ቃል፣ ድልድዩ ላይ ያጠፋቸውን ሦስት ቁጥሮች። ሳታቋርጠው ሰማችው። 

«ለእኔስ ለምን አልነገርከኝም? ስምንት ወር ሙሉ ጉልበቴ ነው እያልክ!»

«አፈርኩ።»

«የቀሩት አሥር ቤቶች ውስጥ ሰው ይኖራል?»

«ይኖራል። በአንዱ መንታ ሕፃናት አሉ፤ ጋሪያቸውን በረንዳው ላይ አይቻለሁ።»

«ታዲያ ሰኞን የምትጠብቀው ለምንድን ነው?» አለችና የገዛ ስልኳን አንሥታ ሰጠችው።

ዳኛቸው የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ የስቴቱ መርማሪ ቅዳሜ ከፍንዳታው በኋላ እማማ ደጅ ላይ ስትመጣ በሰጠችው ቁጥር ደወለ። የአሥሩን ቤቶች አድራሻ አንድ በአንድ አነበበላት። እሷም ጻፈች። ሲጨርስ «ለምን ክሊር አልካቸው?» አለችው። ዌስሊ እንዲያ እንዳዘዘው ነገራት፤ ቀጥሎ ግን «ጣቱ የእኔ ነው» አላት። ድልድዩ ላይ ስላልደወለውም፣ ለ911 ስለዋሸውም ነገራት። ይህን ማንም አልጠየቀውም ነበር።

ከዚያ የሆነው ፈጣን ነው። በዚያው ምሽት የጋዝ ድርጅቱ ሰዎች በየቤቱ እየዞሩ ሽንት ቤት የተደፈነበት ካለ ማንንም እንዳይጠራ አስጠነቀቁ። ማክሰኞ የሚሠሩለት ኮንትራክተር ዳኛቸውንም ዌስሊንም አሰናበተ። ከሮዝዌሉ ቡድን የነበሩ ልጆች ስልኩን ማንሣት አቆሙ፤ አንዱ ብቻ «የሁላችንንም እንጀራ ነው የነካኸው» ብሎ መልእክት ላከለት። ጠበቃ የመንግሥት ክስ ሊመጣ ይችላል አለው፤ ላይመጣም ይችላል። እማማ የሺእመቤት ቤታቸው እስኪታደስ ልጃቸው ዘንድ ቴክሳስ ሄዱ። ከመሄዳቸው በፊት ደውሎ እውነቱን ነገራቸው። ሰምተው ጨረሱ። ከዚያ «እኔ እኮ ባገር ልጅነትህ አምኜ ተኛሁ» ብለው ዘጉት።

ወደ ሆስፒታሉ እንደገና እስኪሄድ ሦስት ሳምንት ፈጀበት። አያንቱ ከክፍሉ ደጅ አገኘችው። ዜናውን ሰምታ ነበር፤ ፊቷ ላይ የመጀመሪያው ቀን ደስታ የለም።

«ክሊር ያልከው አንተ ነህ የሚሉት እውነት ነው?»

«እውነት ነው። ሌላም ያልሰማሽው አለ። ለእሱ ልንገረው።»

በሩ ላይ ቆማ አየችው። ከዚያ ከመንገዱ ዞር አለች።

ሀብታሙ አልጋው ላይ ተቀምጧል። ጣቶቹ በየተራ ተጠቅልለው ትራስ ላይ ተዘርግተዋል፤ የአንዱ ዓይኑ ቅንድብ የለም። ዳኛቸው ወንበር አልሳበም። ቆሞ ነገረው፤ መጀመሪያ ስለ ሥሩ፣ በኋላ ስለ ሃያው ደቂቃ።

«እዚያው መኪና ማጠቢያው ውስጥ ሆኜ ብደውል በአምስት ደቂቃ ይደርሱልህ ነበር። ራሴን ለማዳን ብዬ አልደወልኩም።»

ሀብታሙ ጣራውን አየ። ከውጭ የሚገፋ አልጋ ጎማ ሲንቋቋ ተሰማ።

«ያን ቀን ማሽኑን ከማስነሣቴ በፊት ሚስቴ የቋጠረችልኝን ቁርስ ትራኬ ላይ ቁጭ ብዬ በላሁ» አለ በመጨረሻ። «አልቸኮልኩም ነበር። አንድ ሰው ቢመጣና ጠብቅ ቢለኝ እጠብቅ ነበር፣ ጋሼ። ምንም አይከብደኝም ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ጋሽ ኤልቃና ይቅር ማለት አለብህ ይሉኛል። እኔ አሁን ሸሚዜን መቆለፍ አልችልም። ሴት ልጄ ፊቴን ስታይ ከእናቷ ጀርባ ትደበቃለች። ይቅር ብዬሃለሁ ብልህ እዋሽሃለሁ።»

ዳኛቸው ራሱን ነቀነቀ። እንባው አገጩ ላይ ደርሶ ነበር፤ አልጠረገውም።

«ሌሎቹ ቤቶችስ?» አለ ሀብታሙ።

«ስድስቱ ተቆፍረው ታዩ። በአንዱ ቧንቧው በፍሳሹ መሀል አልፏል። አራት ይቀራሉ። በሁለቱ ካርታው ስህተት ነው፤ የሚቆፍሩት ሰዎች መስመሩን አላገኙትም።»

«አንተ ታውቀዋለህ?»

«ስለቆምኩበት አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ታደርጋለህ?» ሀብታሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞሮ አየው። «ሂድና አሳያቸው። የሚመጣው ፕላምበርም ልጅ ይኖረዋል።»

በማግስቱ ጠዋት ዳኛቸው ሮዝዌል ሄደ። የጋዝ ድርጅቱ ቆፋሪዎች የማያውቁት ሰው ግቢ ውስጥ ሲገባባቸው መጀመሪያ ሊያባርሩት ፈለጉ፤ መርማሪዋ ስትደርስ ግን እንዲቆም ፈቀደች። መንታዎቹ ሕፃናት ያሉበት ቤት ሣር ላይ ሄዶ፣ ከቱቦው አፍ በእርምጃ ለክቶ፣ ማሽኑ የቆመበትን አስታውሶ «እዚህ» አለ። ሁለት ሰዎች በእጅ ቆፈሩ። አራት ጫማ ሲደርሱ አንደኛው አካፋውን ወርውሮ በእጁ አፈሩን ይጠርግ ጀመር። አሮጌው የሸክላ ቱቦ ተሰንጥቋል፤ በስንጥቁ ውስጥ ቢጫው ቧንቧ ገብቶ በዚያኛው በኩል ወጥቷል፤ ዙሪያውን እርጥብ ወረቀት ተጠምጥሞበታል።

የልጆቹ እናት በረንዳው ላይ አንዱን ታቅፋ ቆማ «ምን አገኛችሁ?» ብላ ጠየቀች። መርማሪዋ ልትመልስላት ወደ በረንዳው አመራች። ዳኛቸው ከጉድጓዱ አፍ ላይ ትንሽ ቆመና፣ በታመመው ጉልበቱ እያነከሰ፣ ወደሚቀጥለው ቤት ሄደ።